የተራራቁ አባላትን በድምፅ ለማሰባሰብ የትኛው አገልግሎት ያዋጣል?

አባላቱ በተለያዩ ከተሞችና አገሮች የተበተኑበት ማኅበር በድምፅ ለመሰብሰብ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመለከተው የአገልግሎቱን ወርኃዊ ክፍያ ነው። ይሁን እንጂ ሰብሳቢው ምንም ሳይከፍል እያንዳንዱ አባል ከኪሱ ብዙ የሚያወጣበት አገልግሎት አለ፤ ሰብሳቢው ጥቂት ከፍሎ ሌላው ሁሉ ያለ ወጪ የሚገባበትም አለ። ስለዚህ ሒሳቡ መሠራት ያለበት ኔትወርኩ ደካማ፣ ስልኩም አሮጌ ከሆነው አባል ተነሥቶ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንሁትም በዚሁ ነው።

የመጀመሪያው በመደበኛ ስልክ ተደውሎ የሚገባበት ስብሰባ ነው። አባሉ ቁጥሩን ይደውላል፣ የስብሰባውን መለያ ቁጥር ያስገባል፣ የመሰላል ምልክቱን ይጫናል፣ ከዚያም ይገባል። ኢንተርኔትም ሆነ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልገውም። ጸሐፊ ሆኜ ባገለገልሁበት ማኅበር ውስጥ ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ የያዙ አንድ አዛውንት አባል ነበሩ፤ መለያ ቁጥሩን በትልልቁ ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበርና ከሁላችንም ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። ችግሩ ክፍያው ላይ ነው። የመግቢያ ቁጥሩ በሌላ አገር የሚገኝ ከሆነ ደዋዩ የዓለም አቀፍ ጥሪ ታሪፍ ይከፍላል። ለደዋዩ ነጻ የሆነው ቁጥር ደግሞ ሒሳቡን ወደ ሰብሳቢው ያዞራል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚታሰበው በእያንዳንዱ ሰው ደቂቃ ስለሆነ፣ 12 ሰዎች ለ60 ደቂቃ ሲነጋገሩ የ720 ደቂቃ ክፍያ ይመጣል። ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ይህንኑ ነው።

በኢንተርኔት የሚካሄደው ስብሰባ፣ ቪዲዮው እስከተዘጋ ድረስ፣ ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ዳታ ይበላል። በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት ኦፐስ የተባለው የድምፅ መጭመቂያ ከ6 እስከ 510 ኪሎቢት በሰከንድ ይሠራል። በ32 ኪሎቢት ብናሰላው ድምፁ ብቻውን በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 14 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ለማጓጓዣው የሚጨመረው ዳታ ሲታከልበት ከፍ ይላል። ቪዲዮ ከተከፈተ ግን ይህ ስሌት ፈጽሞ አይሠራም።

ከነጻዎቹ መካከል ዋትስአፕ ትልቁ ጥቅሙ አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ስልኩ ላይ የጫነው መሆኑ ነው፤ በአንድ ጥሪ እስከ 32 ሰው ያስተናግዳል፣ ለትንሽ ኮሚቴም ከበቂ በላይ ነው። አባላቱ ከዚያ ከበዙ የቴሌግራም የቡድን የድምፅ ውይይት ይሻላል፤ አስተዳዳሪው የተናጋሪዎችን ማይክ መዝጋት ይችላል፣ መናገር የፈለገ እጁን ያወጣል፣ ውይይቱን መቅዳትም ይቻላል። ዙምና ጉግል ሚት በነጻ እስከ 100 ሰው ቢቀበሉም፣ ዙም በ40 ደቂቃ፣ ጉግል ሚት ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲኖር በ60 ደቂቃ ይገደባሉ። አጀንዳው አጭር ለሆነ ቡድን ይህ አይከብድም፤ ሪፖርት ተሰምቶ፣ ተወያይቶ፣ ድምፅ ለሚሰጥ ጠቅላላ ጉባኤ ግን መቋረጡ ጎጂ ነው። ጂትሲ ሚት እንዲህ ያለ አጭር የሰዓት ገደብ የለውም፤ በኮምፒውተር የሚገባ አባል በሊንኩ ብቻ በኢንተርኔት አሳሹ (ብራውዘሩ) ይገባል፣ ለሁሉም ክፍት በሆነው የጂትሲ ሰርቨር ላይ ስብሰባውን የሚከፍተው ሰው ብቻ በአካውንት መግባት አለበት። ስካይፕን የለመዱ ደግሞ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ስለተዘጋ ሌላ መፈለግ ግድ ይላቸዋል።

ከዋጋው እኩል የምመለከተው የማይክ ቁጥጥርን ነው። አንድ አባል ስልኩን በስፒከር ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖረው፣ ሌላው የተናገረው በዚያው ማይክ ተመልሶ ይገባና ተናጋሪው የገዛ ድምፁን ዘግይቶ ይሰማል፤ ንግግሩም ይደነቃቀፋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የድምፅ መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ ሲበልጥ ሰዎች ሳያውቁት እየተሻሙ ይናገራሉ። አወያዩ ማይክ መዝጋት የማይችልበትን አገልግሎት፣ ነጻም ቢሆን፣ ከ10 ሰው በላይ ላለው ስብሰባ አልመርጠውም።

የእኔ ምርጫ ቅልቅሉ ነው፦ ዳታ ያላቸው በኢንተርኔት ይግቡ፣ ለሌላቸው ሁለት ወይም ሦስት አባላት ደግሞ የስልክ መግቢያ ቁጥርም የሚሰጥ አገልግሎት ይገዛ፣ የእነሱንም ደቂቃ ማኅበሩ ይሸፍን። ውል ከመፈረም በፊት ኔትወርኩ ከሁሉ የሚደክምበትን አባል ጨምሮ፣ ስብሰባው በሚደረግበት በዚያው ሰዓት፣ የ20 ደቂቃ ሙከራ ይደረግ።