ጄሊፊን፦ የቤት ሰርቨሩ ከላፕቶፕ አልከፈት ሲል

ጄሊፊን በአንድ የቤት ኮምፒውተር ላይ የተከማቹ ፊልሞችን፣ መዝሙሮችን፣ የሠርግ ቪዲዮዎችንና ፎቶግራፎችን በዚያው ግቢ ላሉ ላፕቶፖች፣ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች የሚያዳርስ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም የምንጭ ኮዱን ለሕዝብ ክፍት ማድረጉን ሲተው፣ በፈረንጆች 2018 መጨረሻ ከእሱ ተገንጥሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬም የሚያሳድጉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እዚህ ሐዋሳ፣ ፊልሙ ሁሉ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ለኖረ እንደ እኛ ላለ ቤተሰብ፣ ያለውን በሙሉ በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሰብስቦ ከየክፍሉ መመልከት ትልቅ እፎይታ ነው።

ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራው ከፕሌክስ ይልቅ ይህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጄሊፊን የማንንም ኩባንያ አካውንት አይጠይቅም፤ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል የሚቀመጡት እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ስለሆነ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ምሽትም ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ፊልሙ ይታያል። ፕሌክስ ግን በኩባንያው አካውንት በኩል መግባትን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ ከፈረንጆች ኤፕሪል 2025 መጨረሻ ጀምሮ ከቤት ርቆ የራስን ቪዲዮ መመልከትን በክፍያ አድርጎታል። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

የጄሊፊን ድክመት የሚታየው ላፕቶፑ ሰርቨሩን፣ ማለትም ጄሊፊን የተጫነበትን ዴስክቶፕ፣ ማግኘት ሲያቅተው ነው። ብራውዘሩ የሚያወጣው መልእክት ፕሮግራሙ መቆሙን፣ ፋየርዎል (ከሌሎች መሣሪያዎች የሚመጣን ግንኙነት የሚቆጣጠር የኮምፒውተሩ መከላከያ) መከልከሉን ወይም አድራሻው መቀየሩን ለይቶ ስለማይናገር፣ ተጠቃሚው ራሱ ከሰርቨሩ ተነስቶ ወደ ላፕቶፑ እየተከታተለ መፈተሽ ይኖርበታል። ፍተሻው የሚጀምረው ዴስክቶፑ ላይ ብራውዘር ከፍቶ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሎካልሆስት»፣ ቀጥሎም ሁለት ነጥብና 8096 (localhost:8096) በመጻፍ ነው፤ 8096 ጄሊፊን ካልተቀየረ በስተቀር የሚጠቀምበት የፖርት፣ ማለትም የመገናኛ በር፣ ቁጥር ነው። እዚያ ከተከፈተ ፕሮግራሙ እየሠራ ነውና መመርመር ያለበት መገናኛው ነው።

በእኛ ቤት ዋናው ምክንያት መብራት ሄዶ መመለሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ቀላሉን የአጫጫን አማራጭ ለመረጠ ሰው፣ ጄሊፊን የሚነሳው አንድ ሰው ወደ ዊንዶውስ ሲገባ ብቻ ነው፤ ዴስክቶፑ በርቶ የይለፍ ቃል ገጹ ላይ ከቆመ ሰርቨር የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። በዚህ ላይ ራውተሩ አድራሻዎቹን እንደ አዲስ ሲያድል፣ ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ዴስክቶፕ ዛሬ 192.168.1.9 ሊሆን ይችላል፤ ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠው ቡክማርክ ግን የድሮውን እንደያዘ ይቀራል። ለመጀመሪያው ችግር ፕሮግራሙን በዊንዶውስ ሰርቪስ መልክ (ማንም ሳይገባ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ እንዲነሳ አድርጎ) መጫን፣ ለሁለተኛው ደግሞ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለዴስክቶፑ የማይቀያየር አድራሻ ማስያዝ ይበቃል። (አከራዩም ተከራዩም የራውተሩን የይለፍ ቃል የማያውቁበት ግቢ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ማየት ይጠቅማል።)

ቀጥሎ የሚመጣው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ዊንዶውስ አንድን ዋይፋይ «ፐብሊክ» ብሎ ከመዘገበው ከሌሎች መሣሪያዎች የሚመጣውን ጥያቄ አጥብቆ ስለሚገድብ፣ የቤቱን ኔትወርክ ወደ «ፕራይቬት» መቀየርና ጄሊፊን በፋየርዎሉ መፈቀዱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፋየርዎሉን ጨርሶ አጥፉት የሚለውን ምክር አልደግፍም።

ዋና ቤትና ሰርቪስ ክፍሎች ባሉበት ግቢ ግን ከዚህ ሁሉ የሚከፋ ነገር አለ፤ እሱም ሁለተኛው ራውተር ነው። ዋይፋዩ ሰርቪስ ድረስ አልደርስ ሲል ተከራዩ የራሱን ራውተር ገዝቶ ከዋናው በኬብል ይቀጥላል፤ ኬብሉ የገባው ለኢንተርኔት በተመደበው ቀዳዳ ከሆነ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ይፈጠራሉ። ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ስለሚያገኝ ማንም አይጠረጥርም። ሰርቨሩ ዋናው ራውተር ላይ፣ ላፕቶፑ ሁለተኛው ላይ ቢሆኑ አድራሻውን በእጅ በመጻፍ ሊከፈት ይችላል፤ ሰርቨሩን በራሱ ፈልጎ የሚያገኘው አፕሊኬሽን ግን ፍለጋው ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ስለማይሻገር ምንም አያገኝም። አቀማመጡ ከተገለበጠ፣ ማለትም ሰርቨሩ ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ ከሆነ፣ አድራሻውን በእጅ መጻፍም አይረዳም። መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት (የራሱን ኔትወርክ ሳይፈጥር የዋናውን ዋይፋይ ብቻ ወደሚያዳርስ መሣሪያ) መቀየር ነው፤ ይህ አማራጭ ከሌለው የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር የተለየ አድርጎ፣ አድራሻ ማደሉን አጥፍቶ፣ ኬብሉን ከላን (LAN) ቀዳዳዎቹ፣ ማለትም ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች ከተመደቡት፣ በአንዱ መሰካት ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ለእንግዳ የተከፈተ የዋይፋይ ስምም መሣሪያዎችን እርስ በርስ ስለሚለያይ ላፕቶፑ በዚያ ስም አለመገናኘቱ ይታይ።

ከላፕቶፑ በኩል ሁለት ነገሮችን ማየት ይበቃል፦ የበራ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ቦታ በኩል የሚያዞር ፕሮግራም) ካለ ማጥፋት፣ አድራሻው ደግሞ በኤችቲቲፒኤስ (https) ሳይሆን በኤችቲቲፒ (http) መጀመሩን ማረጋገጥ።

ገጹ ተከፍቶ ቪዲዮው ሲቆራረጥ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከዲቪዲ የተገለበጡ የሠርግ ቪዲዮዎች በአብዛኛው ኤምፔግ 2 የተባለው የቆየ የቪዲዮ ዓይነት ስለሆኑ ብራውዘሮች አያጫውቷቸውም፤ ስለዚህ ጄሊፊን ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው መሣሪያ እዚያው ቅጽበት ወደ ሌላ ዓይነት ይለውጣቸዋል፣ ይህም አሮጌ ፕሮሰሰርን ያስጨንቃል። በዚህ ረገድ ፕሮግራሙ ሊመሰገን ይገባዋል፤ የአስተዳዳሪው ገጽ ቪዲዮው እየተለወጠ መሆኑንና ለምን እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ላፕቶፑ ላይ የጄሊፊንን የራሱን ማጫወቻ መጫን፣ ማጫወቻው ብዙ ዓይነት ፋይሎችን ሳይለወጡ ስለሚከፍት፣ ይህን ሸክም ያቃልላል።

አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሐዋሳ ያለውን ሰርቨር እንዲያይ የሚፈልጉ ቤተሰቦች 8096 ፖርትን ለኢንተርኔት ክፍት ከማድረግ ይልቅ እንደ ቴይልስኬል ያለ የግል መገናኛ ቢጠቀሙ ይሻላቸዋል፤ በዚህ ጊዜ የምስሉን ጥራት የሚወስነው የቤቱ መስመር ወደ ውጭ የሚልክበት ፍጥነት ነው።