ሦስቱ ጥራዞች ወይስ ትንሿ ሣጥን? የመጀመሪያ የጠረጴዛ ሚና ጨዋታውን ለሚገዛ

የጠረጴዛ ሚና ጨዋታ ማለት አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ሲተርክ፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ሆነው ዳይስ (ቁጥር የተጻፈባቸው ፍሬዎች) እየጣሉ የሚጫወቱት ነው። "የቱን እንግዛ?" የሚል ጥያቄ ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም ማለት እችላለሁ። ጠያቂዎቹ ወዳጆቼ ናቸው። አንድ ምሽት ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ያመሹና በማግስቱ የራሳቸውን ቡድን ሊያቋቁሙ ይነሣሉ። ይህ ደስ ይለኛል። የሚያሳዝኑኝ ሳይጠይቁ ገዝተው የሚመጡት ናቸው፤ ባለፈው ዓመት አንዱ ለዚሁ ብሎ ያጠራቀመውን ገንዘብ ጨርሶ፣ ከገዛው ግማሹ የተጭበረበረ ቅጂ ሆኖበት መጣ። ስለዚህ የማውቀውን በአንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መልሴን መጀመሪያ ልናገር። አዲስ ቡድን ከሆናችሁ የፍርሃትና የምርመራ ጨዋታ የሆነውን ኮል ኦፍ ክቱሉን ጀምሩ፤ ያውም በነጻ በሚገኘው አጭር ደንብ። ሰይፍና ዘንዶ ካልሆነ አንጫወትም የምትሉ ከሆነ ደግሞ የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን የጀማሪ ሣጥን ግዙ። የእሱን ሦስት ወፋፍራም ጥራዞች ግን በመጀመሪያው ዓመት አትንኩ።

ምክንያቴን ከራሴ ልጀምር። እኔ የጀመርኩት በሦስቱ ጥራዞች ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ፣ የጨዋታ መሪው መጽሐፍና የጭራቆች መጽሐፍ ተብሎ ለሦስት ይከፈላል፤ የእያንዳንዱ የሽፋን ዋጋ 49.95 ዶላር ነበር። ሦስቱ 149.85 ዶላር መሆናቸው ነው። አምስት ሆነን ብናዋጣ ለአንድ ሰው 30 ዶላር አይሞላም ብዬ ተጽናናሁ። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ መዋጮ የሚባል ነገር ብዙም አይሠራም፤ የሚገዛው ጨዋታ መሪው ነው፣ የሚያነበውም እሱ ነው። አንድ ወር ሙሉ አነበብኩ፣ ካርታ ሣልኩ፣ የነገሥታት የዘር ሐረግ ሳይቀር ጻፍኩ። ሦስት ምሽት ተጫወትን። ከዚያ አንዱ ሥራ ቀየረ፣ አንዷ ልጅ ወለደች፣ ቡድኑም ተበተነ። ለአንድ ምሽት 50 ዶላር ገደማ ከፈልኩ ማለት ነው፤ የወሩን ድካም ሳንቆጥር።

የዚህ ጨዋታ ትልቁ ወጪ ደግሞ ያ የማይቆጠረው ድካም ነው። መጽሐፉ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ያበቃል፤ የጨዋታ መሪው ጊዜ ግን በየሳምንቱ ይከፈላል። ለዚህ ነው ማንም ሲጠይቀኝ "መሪያችሁ ማን ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት አለው?" ብዬ የምጀምረው። በአንድ ምሽት ተነብቦ በሁለተኛው ምሽት የሚጫወቱት ደንብ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ከሚያዝለው ጥራዝ ይበልጣል።

አሁን ሂሳቡን ከትንሿ ሣጥን ጋር እናነጻጽረው። የዚያው እትም የጀማሪ ሣጥን ሲወጣ ዋጋው 19.99 ዶላር ነበር። ውስጡ 32 ገጽ ደንብ፣ 64 ገጽ ጀብዱ (ተዘጋጅቶ የተጻፈ የጨዋታ ታሪክ)፣ ተሞልተው የተዘጋጁ አምስት ገጸ ባሕርያትና ስድስት ዳይስ አሉ። ጀብዱውን ከሁለተኛው ቡድኔ ጋር ስምንት ምሽት ተጫውተነዋል። ለአንድ ምሽት 2.50 ዶላር፣ ለአንድ ሰው ደግሞ 50 ሳንቲም መሆኑ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ተዘጋጅተው መምጣታቸው ብቻውን ዋጋውን ያወጣል፤ ከባዶ የገጸ ባሕርይ ቅጽ ስትነሡ የመጀመሪያው ምሽት ዘርና ሙያ ሲመረጥ፣ ድግምት ሲነበብ ያልቃል፣ አዲሱ ተጫዋችም አንድ ጊዜ እንኳን ዳይስ ሳይጥል ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ የሄደን ሰው በድጋሚ ማግኘት ይከብዳል።

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ማጣጣል አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ይህን ጨዋታ ሲያወጡ የዛሬው ሁሉ ከእሱ ተወለደ። ተጫዋች ለማግኘት የሚቀለው በእሱ ነው፤ ስሙን ያልሰማ የለምና። ጀግና የመሆን ስሜቱም እውነተኛ ነው፤ ባለ 20 ገጽ ዳይሱ ተንከባሎ 20 ላይ ሲቆም ጠረጴዛው ዙሪያ የሚነሣውን ጩኸት የሰማ ሰው አይረሳውም። ጉድለቱ ፍልሚያው ላይ ነው። ስድስት ሰው ከተቀመጠ አንዱ ተራው እስኪደርሰው ብዙ ይጠብቃል፣ በዚህ መሐል ስልኩን ያወጣል፣ ስልክ የወጣበት ጠረጴዛ ደግሞ ቀዝቅዞ ይቀራል። የገጸ ባሕርያቱ ደረጃ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ችሎታና ድግምት ይበዛል፤ መሪው ያንን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ መሄድ አለበት። አዲሶቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የወጡት ጥራዞች በተሻለ ሁኔታ የተደራጁ ናቸው፤ ነገር ግን የተጫዋቾቹ መጽሐፍ ብቻውን ከ320 ገጽ ወደ 384 አድጓል፣ ዋጋውም ያው 50 ዶላር ነው። መሠረታዊ ደንቡ ከድረ ገጽ በነጻ እየተነበበ ይህን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ማውጣት ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

ወደምወደው ልምጣ። ኮል ኦፍ ክቱሉ እ.ኤ.አ. በ1981 በኬዮሲየም የታተመ የሳንዲ ፒተርሰን ሥራ ነው። ተጫዋቾቹ ጀግኖች አይደሉም፤ ጋዜጠኛ፣ ሐኪም፣ የታሪክ መምህር፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ናቸው። አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይጠረጥራሉ፣ ይመረምራሉ፣ የሚያገኙት ነገር ደግሞ ባያገኙት ይሻላቸው የነበረ ነው። ደንቡ በመቶኛ ይሠራል፤ ቅጹ ላይ ያለውን ቁጥር ወይም ከዚያ በታች የጣለ ይሳካለታል። ይህች ቀላል ነገር ናት ጨዋታውን ከሁሉ በላይ ያስወደደችኝ።

እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። ዳይስ ነክታ የማታውቅ ወዳጄ የጋዜጣ ሪፖርተር ሆና ተቀመጠች። አሮጌ ቤት ውስጥ የተፈጸመ ነገር አለ ተብሎ፣ የቀድሞ ጋዜጦች የተከማቹበት ክፍል ገባች። ቅጹ ላይ ከቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ፊት ለፊት 60 ተጽፏል። ሁለቱን ባለ አሥር ገጽ ዳይሶች ጣለች፤ 34 ወጣ። እኔ አፌን ሳልከፍት "አገኘሁት!" ብላ ተነሣች። 60 በመቶ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አላስፈለገም። ጉዳዩ ከባድ ቢሆን ኖሮ ግማሹን፣ ማለትም 30ን ወይም ከዚያ በታች መጣል ነበረባት፤ እጅግ ከባድ ቢሆን አንድ አምስተኛውን፣ 12ን። የቀረው ደንብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ያልተሳካውን ሙከራ መግፋት፣ ማለትም እንደገና መሞከርም ይቻላል፤ ግን ሁለተኛው ከከሸፈ መዘዙ ይብሳል። ያቺ ሪፖርተር በሌላ ጊዜ ሙከራዋ ከሽፎ፣ ከመጋዘን ጠባቂው ተደብቃ ሁለተኛ ጊዜ መደርደሪያውን ስትፈትሽ አምስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

ዋጋውስ? አጭሩ ደንብ ከነአሮጌው ቤት ጀብዱ ከአሳታሚው ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። አንድ ሰው ብቻውን እያነበበና እየመረጠ የሚጫወተው ጀብዱም በነጻ አለ። ጨዋታ መሪ የሚሆነው ሰው በአንድ ምሽት ይህንን ብቻውን ይጫወተው፤ ሲጨርስ ደንቡን ተምሯል። ይህን ያህል ለመሪው ያሰበ አጀማመር በሌላ ጨዋታ አላየሁም። ከወደዳችሁት በኋላ የጀማሪ ሣጥኑን ግዙ፤ ያው የብቻ ጀብዱ፣ ተጨማሪ ሦስት ጀብዱዎች፣ የተዘጋጁ ገጸ ባሕርያትና ዳይስ አሉት። ትልቁ ጥራዝ ሦስተኛ ይምጣ።

ጉድለቱን አልደብቅም። ፍርሃት የማይወድ ሰው አያስደስተውም፤ ለልጆችም አልመክረውም። ገጸ ባሕርያት ይሞታሉ፣ ወይም አእምሯቸው ይናጋል፤ በአንድ ጊዜ አምስትና ከዚያ በላይ የአእምሮ ጤና ነጥብ ያጣ ገጸ ባሕርይ ለጊዜው ሊያብድ ይችላል። ገጸ ባሕርዬን ዓመት ሙሉ አሳድጋለሁ የሚል ተጫዋች ይከፋዋል። ሌላው ችግር መረጃ ነው። አንድ ቁልፍ ፍንጭ ባልተሳካ የዳይስ ጥለት ጀርባ ከተቀበረ ታሪኩ መንገድ ላይ ይቆማል። መሪው ዋናውን ፍንጭ ያለ ዳይስ መስጠትን መልመድ አለበት፤ እኔ ይህን ለመማር ሁለት የተበላሹ ምሽቶች አስፈልገውኛል።

ሌሎቹን ባጭሩ። ፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም ደንብ ማገላበጥ ለሚወዱ ሰዎች ነው። በአንድ ተራ ሦስት ድርጊት መሥራት የሚለው አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ፍልሚያውም ያስደስታል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዋናው መጽሐፍ 640 ገጽ፣ ዋጋውም 59.99 ዶላር ነበር። ደንቡ በሙሉ በአሳታሚው ፈቃድ አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ በተባለው ድረ ገጽ በነጻ ስለሚገኝ፣ ሳታነቡት አትግዙ። ገንዘብ ከሌላችሁና ሰይፍ የግድ ካላችሁ ቤዚክ ፋንታሲን ውሰዱ፤ ፒዲኤፉ ነጻ ነው፣ የታተመውም ከማተሚያ ወጪው እምብዛም በማይርቅ ዋጋ ይሸጣል። ቡድን ያልተገኘለት ደግሞ አይረንስዎርንን ይሞክር፤ እሱም በነጻ የሚገኝ፣ ብቻ ለመጫወትም የተመቸ ነው። ቀን መቁጠሪያ ይዞ አምስት ሰው ማገናኘት ከየትኛውም ዘንዶ ይከብዳልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ተጭበረበረው ቅጂ ልመለስ። ወዳጄ ከኢንተርኔት ላይ "አዲስ" ተብሎ ከግማሽ ዋጋ በታች የገዛውን የተጫዋቾች መጽሐፍ አምጥቶ ከእኔው አጠገብ አስቀመጠው። ከሩቅ አንድ ናቸው። ቀርቤ ሳየው የሽፋኑ ቀይ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሣ የጀርባው ሥዕል ወደ ፊት ይታያል። የጦር መሣሪያ ሠንጠረዡ ላይ 3 እና 8 አይለዩም፤ ጉዳት በሚቆጠርበት ጨዋታ ይህ ምን ያህል ክርክር እንደሚያመጣ ገምቱት። ከመሐል ስከፍተው ጀርባው ቀጭ አለና አርባ የሚያህል ቅጠል እጄ ላይ ቀረ። አሮጌውን ሙጫ ፋቅሁ፣ ቅጠሎቹን በሁለት ጣውላ መሐል አጥብቄ ነጭ ሙጫ በስሱ ቀባሁ፣ ክብደት ጭኜም አሳደርኩት። ሁለት ወር ቆየና እንደገና ተፈታ። በመጨረሻ ጠርዙን በስቼ በቀለበት አሰርኩት፤ ገጹ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል፣ እስካሁንም ይሠራል። የማይነበበው ሠንጠረዥ ግን በምንም አይጠገንም።

ያገለገለ መጽሐፍ ስትገዙ የጀርባውን ጫፍ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። የታጠፉ የወረቀት ክምሮች ጎን ለጎን ከታዩ ስፌት አለው፣ ቢላላም ይጠገናል። ተቆርጦ የተለሰነ ብቻ ከሆነ ሙጫ ነው፤ ከቀለበት በቀር ዘላቂ መድኃኒት አላገኘሁለትም። ሻጩ የጀርባውን ፎቶ አልሰጥም ካለ ተዉት። የወረቀቱን መጽሐፍ መግዛት ብዙ ጊዜ የዲጂታሉን ቅጂ እንደማያስገኝም እወቁ፤ ሁለቴ እንዳትከፍሉ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ዳይስ ላይም ይጭበረበራል። ሰባት ፍሬ የያዘ ተራ ስብስብ ይበቃል፤ ብረቱና ድንጋዩ ገንዘብ ከመብላት አልፎ ጠረጴዛ ይፈነክታል። የተጠራጠራችሁትን የፕላስቲክ ዳይስ ጨው እስኪጠግብ በተበጠበጠ ውሃ ውስጥ አንሳፉት፣ በጣት ደጋግማችሁም ግፉት፤ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ካመጣ ውስጡ አየር ወይም የተዛባ ክብደት አለ። ባለ 20 ገጹን ደግሞ በተለይ መርምሩት። ለካርታ ጨዋታ ነጥብ መቁጠሪያ የተሠራ፣ ቁጥሮቹ ተከታትለው የተቀመጡበት ዓይነት አለ፤ ትልልቆቹ ቁጥሮች በአንድ ወገን ስለተሰበሰቡ ለመጣል አይሆንም። ወዳጄ የገዛው ስብስብ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። ዕቃው ሲደርሳችሁ 20ን ፈልጉ፤ 19 አጠገቡ ተቀምጦ ካገኛችሁት ዕለቱን መልሱት።