ፓርቮ የያዛት ቡችላ፦ ሆስፒታል ትተኛ ወይስ ቤት ትታከም?

ከሼልተር (ከእንስሳት መጠለያ) ያመጣናት ቡችላ በአራተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረች፣ ተቅማጧም ደም ነበረው፣ ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ጋ ሮጠን ስንሄድ ፓርቮ፣ ማለትም የውሾችን አንጀት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው አሉን። ምርጫው ሁለት ነበር፣ ወይ ሆስፒታል ማስተኛት ወይ ቤት ማስታመም።

ሆስፒታል የሚሻለው ፈሳሹ በደም ስሯ ቀን ከሌሊት ስለሚገባላት፣ ሌሊት ስኳሯ ቢወርድ ወዲያው የሚያያት ሰው ስላለ ነው፣ ግን ብዙ ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። ቤት ደግሞ ረከሰ እንጂ አልቀለለም፦ መጀመሪያ ክሊኒክ በደም ስር ፈሳሽ ትወስዳለች፣ ከዛ በየ8 ሰዓቱ ከቆዳ ስር ፈሳሽ፣ የትውከት ማስቆሚያ መርፌ፣ አንቲባዮቲክ፣ በሲሪንጅ ትንሽ ትንሽ ምግብ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም በቃ። የአሜሪካው ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን ዘዴ በ40 ውሾች ሲያወዳድር በሆስፒታሉ ዘዴ ከ20ዎቹ 18ቱ፣ በቤቱ ዘዴ ከ20ዎቹ 16ቱ ተርፈዋል።

እኔ አቅም ካለ ሆስፒታል ነው የምለው፣ በተለይ መነሳት ካቃታት። ከሌለ ግን ተስፋ እንዳትቆርጡ፣ እኛ ቤት ነው ያስታመምናት፣ በስድስተኛው ቀን ዶሮ ቀምሳ ጭራዋን ስትቆላ አለቀስኩ። ወለሉን ደግሞ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ አርጋችሁ እጠቡት፣ ተራ ሳሙና ቫይረሱን አይገድለውም።