ሰማያዊ ሁሉ አያክምም፦ የፎቶቴራፒ መብራቶች ንጽጽር

አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ቢጫነት በብርሃን የሚያክመው (ፎቶቴራፒ) መብራት ስድስቱም ቱቦዎች ይበራሉ። ክፍሉ ሰማያዊ ሆኗል፣ ሕፃኑ ዓይኑ ተሸፍኖ በዳይፐር ብቻ ተኝቷል። የብርሃን መለኪያውን ሆዱ አጠገብ ስናስጠጋ ግን 5 አነበበ። ሁለት ቀን ሙሉ ቢሊሩቢኑ፣ ማለትም በደም ውስጥ ሲበዛ ሕፃኑን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ለምን አልወርድ እንዳለ ያን ጊዜ ገባን።

መለኪያው የሚያነበው በማይክሮዋት በካሬ ሴንቲሜትር በናኖሜትር ነው። ለመደበኛ ሕክምና ከ8 እስከ 10፣ ቢሊሩቢኑ በጣም ለጨመረ ሕፃን ደግሞ ቢያንስ 30 ይፈለጋል። ሻጩ ስለ ዋት ሲያወራችሁ ይህን ቁጥር ጠይቁት፤ በምን ያህል ርቀት እንደተለካም ያስረዳችሁ። ዋት መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ይነግራችኋል እንጂ ቆዳ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አይነግራችሁም። ቢሊሩቢንን ለውጦ በሐሞትና በሽንት እንዲወጣ የሚያደርገው በተለይ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው።

ፍሎረሰንት

መግዣው ይረክሳል፣ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠግነዋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቱቦው ሳይጠፋ ይደክማል፤ ብዙ ጊዜ ወደ 2,000 ሰዓት ሲጠጋ መቀየር አለበት። ቀንና ሌሊት የሚሠራ መብራት ይህን ሰዓት በሦስት ወር ውስጥ ይጨርሰዋል። መቀየሪያው ሲገዛም ስህተት አለ። ለሕክምናው የሚሆነው ልዩ ሰማያዊ ቱቦ «ኤፍ20ቲ12/ቢቢ» ወይም «ቲኤል52» የሚል ምልክት አለው። በአንድ «ቢ» ብቻ የሚያልቀው ተራ ሰማያዊ ነው፤ ለዓይን ግን ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። የቱቦውን ዋጋ በዓመት አባዙትና ርካሽነቱን እንደገና አስቡት።

ኤልኢዲ

አምፖሎቹ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሰዓት ያገለግላሉ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ አይበሉም፣ ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ በባትሪ ማሠራት ይቻላል። ሙቀታቸው ትንሽ ስለሆነ ወደ ሕፃኑ ማስጠጋት ይቻላል፤ በተጠጋ ቁጥር ደግሞ ብርሃኑ ይበረታል። ያው ጠቀሜታ ግን ሌላ ችግር ያመጣል፦ ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ይበርደዋልና ማሞቂያ ለብቻ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰርኪዩቱ ሲበላሽም እንደ ቱቦ ነቅሎ በሌላ መተካት የለም፤ መለዋወጫው አብሮ ይገዛ።

አቅም ላነሳቸው ሆስፒታሎች ታስበው ከተሠሩት ውስጥ ብሪሊያንስ እና ፋየርፍላይ ይጠቀሳሉ። ፋየርፍላይ ከላይም ከታችም ያበራል፤ አልጋው ሆን ተብሎ አንድ ሕፃን ብቻ እንዲይዝ ጠባብ ሆኖ ተሠርቷል። ሦስት ሕፃናት በአንድ መብራት ሥር ተደርድረው ያየ ሰው ይህ ለምን እንዳስፈለገ አይጠይቅም።

ሃሎጅን

ይሞቃል፤ ብርሃኑ መሃል ላይ ተሰብስቦ ዳሩን ይተወዋል፤ ቢያስጠጉት ያቃጥላል። በስጦታ ካልመጣ አትግዙት፤ በስጦታ ቢመጣም አስቡበት።

የፋይበር ኦፕቲክ ምንጣፍ

እናት ሕፃኗን ታቅፋ እያጠባች ሕክምናው ይቀጥላል፤ ለዚህ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን የሚሸፍነው ቆዳ ጥቂት ነው። በጊዜው ለተወለደ ሕፃን ብቻውን ይደክማል፤ ከላይ ሌላ መብራት ሲኖር ግን ከሥር ደጋፊ ሆኖ ጥሩ ይሠራል።

የተጣራ የፀሐይ ብርሃን

አልትራቫዮሌትና የሙቀት ጨረርን በሚያስቀር ፊልም በተሸፈነ ድንኳን ሥር ሕፃኑን ማስተኛት ማለት ነው። በናይጄሪያ ተሞክሮ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከተለመደው መብራት አላነሰም። ኤሌክትሪክ ለሌለበት ቦታ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ሌሊት አይሠራም፣ ደመናም አለ፣ የሕፃኑን ሙቀትም በየሰዓቱ የሚለካ ሰው ይጠይቃል። መስኮት ዳር ራቁቱን ፀሐይ ማስሞቅ ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ያ ቆዳን ያቃጥላል፣ ሕክምናም ያዘገያል።

እኔ ብመርጥ አንድ ኤልኢዲና ለእርሱ የሚስማማ መለኪያ እገዛለሁ፤ የሁለት መለኪያ ንባብ ስለማይመሳሰል አምራቹ የሚያዝዘውን ዓይነት። ለሁለቱ ገንዘብ ካልበቃ፣ ያለውን ፍሎረሰንት አዲስ ቱቦ አስገብቼ የሠራበትን ሰዓት በደብተር እየመዘገብኩ መለኪያውን አስቀድማለሁ። በመብራቱ ዙሪያ ነጭ ጨርቅ መጋረድም ብርሃኑን ወደ ሕፃኑ ይመልሳል፤ የአየር መውጫውን ብቻ አትሸፍኑ።

ከመክፈላችሁ በፊት መብራቱን አብሩትና ይሙቅ። ከዚያ ሕፃኑ በሚተኛበት ከፍታ ከራስጌ፣ ከግርጌ፣ ከግራ፣ ከቀኝና ከመሃል ለኩ። መሃሉ 35 ሆኖ ግርጌው 12 ካነበበ ሻጩ የነገራችሁ የመሃሉን ብቻ ነው።