የካምፐራችን ቮልቴጅ ፕሮቴክተር፦ ከበጋ እስከ ክረምት በጣና ዳር

ፍርዱን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ዕቃው ዋጋውን ያወጣል። ሻጩ «ይቺን ካስገባህ ሌላ ሐሳብ የለብህም» ያለኝ ግን ልክ አይደለም። አንዱን ሐሳብ ይወስዳል፣ ሌላውን እዚያው ይተወዋል። የሚተወው ደግሞ ሰው የሚገድለውን ነው።

ከብሬከሮች ጎን ሳጥን ውስጥ የሚገጠም ዲጂታል ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው። ባለ 40 አምፒር፣ ቻይና ሠራሽ፣ ፊቱ ላይ ቮልቴጅና አምፒር በቁጥር የሚያሳይ። ቮልቴጁ ከወሰናችሁለት በታች ሲወርድ ወይም በላይ ሲወጣ ይቆርጣል። ሲስተካከል ትንሽ ጠብቆ መልሶ ይለቃል። ስታቢላይዘር አይደለም፤ የወረደውን ከፍ አያደርግም፣ የወጣውን አያወርድም። እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። መግባት የሌለበትን ይመልሳል እንጂ አመሉን አያርምም።

የተገጠመው ካምፐራችን ላይ ነው፤ ማለትም መኪናም ማደሪያም ያደረግነው ሃይሩፍ ሚኒባስ ላይ። ወንበሮቹን አውጥተን አልጋ፣ ትንሽ ወጥ ቤትና ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ አስገብተንበታል። እኔና ባለቤቴ ለሥራም ለእረፍትም ሐይቁ ዳር እናድርበታለን። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ዘጌ በኩል፣ መንገዱ ሲመች ደግሞ ጎርጎራ። በበጋ ሶላሩ ይበቃናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደመናው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። ባትሪ ለመሙላት፣ ውሃ ለማፍላት፣ አልፎ አልፎም ስቶቭ ለማብራት ከውጭ መብራት መሳብ ግድ ነው።

አውሮፓ የካምፕ ቦታ ብትሄዱ ሰማያዊ ባለ ሶስት እግር፣ 16 አምፒር መሰኪያ ያለው ምሰሶ ይጠብቃችኋል። አሜሪካ ደግሞ ባለ 30 ወይም ባለ 50 አምፒር ሳጥን አለ። የእኛ ምሰሶ የእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት መስኮት ነው። ከመስኮቱ ዲቫይደር ይወጣል፤ ከዲቫይደሩ ሌላ ዲቫይደር ይቀጥላል፤ መጨረሻው ላይ የእኛ ገመድ ይሰካል። ስለዚህ እዚህ ካምፐር ውስጥ የሚታይ የመብራት ችግር አብዛኛው ከካምፐሩ ውጭ የተወለደ ነው። ፕሮቴክተሩን የወደድኩት ከምንም በላይ ይህን በቁጥር ስላሳየኝ ነው።

ስለ ቅንብሩ ትንሽ ልበል። ፋብሪካው ታችኛውን 170፣ ላይኛውን 270 አድርጎ ነው የላከው። ሰፊ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ አብዛኛው ዕቃ አሥር በመቶ ወዲህና ወዲያ ይችላል። ያ ማለት ከ198 እስከ 242። በዚያ ልክ ብናጠብቀው ግን ምሽት ላይ ሻይ አናፈላም። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ስቶቭ ላይ ነው። ታችኛውን 190፣ ላይኛውን 250 አደረግነው። መልሶ የሚለቅበትን ጊዜ ደግሞ ከ30 ሰከንድ ወደ 180 ሰከንድ አስረዘምነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ደቂቃ ብዙ ጊዜ ያመነታል። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ያ ሁሉ ሲያልፍ የእኛ ቻርጀር ገና ተኝቷል።

ስለ ምሽቱ ቮልቴጅ ለእንግዳ ሳወራ «ጢስ አባይ አፍንጫችሁ ስር አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። ነው። ሐይቁ ራሱ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን 460 ሜጋዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። ግን ከማመንጫው አጠገብ መኖር ለሶኬት ምንም አይጠቅምም። ቮልቴጁ የሚወርደው የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ነው፤ ብዙ ቤት የተጫነበት ትራንስፎርመር፣ ቀጭን ሽቦ፣ የላላ ብሎን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በእነዚህ ወራት ደጋግሞ የገጠመን ችግር ይህ ነው። ገመዱን እንሰካለን፣ ፕሮቴክተሩ 214 ያሳያል፣ ሁሉም ሰላም። የውሃ ማፍያውን ስናበራ ቁጥሩ ይወርድና ጠቅ ብሎ ይቆርጣል። ሶስት ደቂቃ ጠብቆ ይለቃል። እንደገና ጠቅ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ዕቃው ተበላሽቷል» ብሎ ይነቅለዋል። ዕቃው ግን በትክክል እየሠራ ነው። ምንም ሳይበራ ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ጭነት ሲመጣ ከወደቀ፣ መንገድ ላይ አንድ የሚያንቅ ቦታ አለ ማለት ነው።

ስንት እንደሚያንቅም ማስላት ይቻላል። ታችኛውን ወሰን ለጊዜው ዝቅ አድርጌ ማፍያውን አበራሁ። ከ214 ወደ 188 ወረደ፤ 26 ቮልት ጠፋ ማለት ነው። የ2000 ዋት ማፍያ በዚያ ቮልቴጅ 8 አምፒር ገደማ ይስባል። 26ን በ8 ስናባዛ 200 ዋት አካባቢ ይመጣል። ይህ 200 ዋት ሻይ አላፈላም። የሆነ ቦታ ሽቦ ወይም ሶኬት እያሞቀ ነው። የእኛ ገመድ 20 ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ነው። በ8 አምፒር የሚበላው ከ2 ቮልት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሌላው 24 ቮልት ከእኛ ውጭ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእግር ሥራ ነው። ማፍያውን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ መሰኪያውን በእጅ መዳሰስ። ከሞቀ ሶኬቱ ላልቷል። ካልሞቀ ወደ ዲቫይደሩ። ያን ቀን ጥፋተኛው ሁለተኛው ዲቫይደር ነበር። ገመዱ የስልክ ቻርጀር ገመድ የሚያክል ቀጭን፣ በዚያ ላይ ተጠቅልሎ ምንጣፍ ስር የተቀመጠ። እሱን አውጥተን የእኛን ገመድ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካነው፤ በማፍያው ጭነት 206 ላይ ቆመ። ረጅም ገመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ሲሠራ ዘርጉት። ጥቅል ገመድ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም፤ ይቀልጣል።

ስክሪኑ ጨርሶ ካልበራስ? መጀመሪያ ጎረቤት ማየት፤ መብራት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሌላው ቤት ካለ ቴስተር (ኮረንቲ ሲነካ የሚበራ መፈተሻ) ማውጣት። አንዱ ቀዳዳ ላይ ቢበራ የተለመደ ነው። ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ከበራ ደስ አይበላችሁ። ኒውትራሉ (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) ተበጥሶ ፌዙ (ኮረንቲው የሚመጣበት ሽቦ) በሌላ በበራ ዕቃ በኩል ዞሮ እየመጣ ነው። ባለሙያ ሳይነካው ምንም አትሰኩ።

ፕሮቴክተሩ ጨርሶ የማያየው ነገር አለ፤ ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ። ሣሩ ዝናብ ጠጥቶ ሳለ ባለቤቴ ባዶ እግሯን የመኪናውን በር ስትይዝ ነዘራት። ቀላል ንዝረት ነው፣ ጣት ላይ የሚርመሰመስ ዓይነት። ስክሪኑ ግን 219 እያለ ፈገግ ብሏል። የሆነው እንዲህ ነው። ቻርጀር ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። በእነሱ በኩል ጥቂት ኮረንቲ ወደ መኪናው ብረት ያልፋል። የሕንፃው ኧርዝ ቢሠራ ኖሮ በዚያ ይወርድ ነበር። ሶኬቱ የኧርዝ ጥፍር አለው፣ ከጀርባው ግን የተያያዘ ሽቦ የለም። እንዲህ ያለ ሶኬት በከተማው ሞልቷል። ንዝረቱ ራሱ ብዙ አይጎዳም። ግን አንድ ቀን ፌዙ ተልጦ ብረቱን ቢነካ መኪናው በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል።

የማረፊያውን የመብራት ሥራ የሚሠራ ልጅ ተጠራ። አየት አደረገና «ጋሼ፣ ኒውትራሉንና ኧርዙን እዚሁ መሰኪያው ላይ ላገናኝልዎትና እንገላገል» አለኝ። ንዝረቱ እውነትም ይጠፋል። ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት ግን የመኪናው ብረት ራሱ ፌዝ ይሆናል። ይህን ማንም እንዲያደርግላችሁ አትፍቀዱ። ትክክለኛው መፍትሔ የሕንፃው ኧርዝ መሠራቱ ነው። እስከዚያ ደግሞ በ30 ሚሊአምፒር የሚቆርጥ አርሲዲ መኪናው ውስጥ መኖር አለበት። አርሲዲ በፌዝ የወጣውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ነው የሚጠብቀው። ከፊሉ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ከሄደ ይቆርጣል። ስለዚህ ኧርዝ ባይኖርም ይሠራል። እኛ ጋ ከፕሮቴክተሩ በፊት ተገጥሟል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ ሳላመነታ አርሲዲውን ነው። ሶስት መብራት ያለው ትንሽ የሶኬት መፈተሻም መኪናው ውስጥ አለ፤ ገመድ ከመዘርጋታችን በፊት ኧርዝ መኖር አለመኖሩን ይነግረናል።

ፕሮቴክተሩ እንጀራውን የበላበት ምሽት ደግሞ ነሐሴ ላይ ነበር። ከሐይቁ የተነሣ ነፋስ፣ ከዚያ ዶፍ። ዘበኛው ካፖርቱን ደርቦ መጣና «አምፖሉ ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ቦግ ያለው?» አለ። ስክሪኑን ሳየው 311 ይላል፤ እኛን ቆርጦናል። የሰፈሩ ኒውትራል ተበጥሶ ነበር። በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራል ሲጠፋ ቤቶች ያንን 380 በመካከላቸው ይከፋፈላሉ። ብዙ ዕቃ ያበራው ቤት ይደበዝዛል፤ አንድ አምፖል ብቻ ያበራው ቤት ቮልቴጁ ይወጣበታል። ዘበኛው ዋናውን ብሬከር አወረደ። ጎረቤት ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሄደ፤ እኛ ጋ የስልክ ቻርጀር እንኳ አልተነካም። ለዚህች አንድ ሌሊት ብቻ ዕቃው ዋጋውን መልሷል።

መብረቅን ግን አይችልም። ውስጡ ያለው መቁረጫ (ሪሌው) እስኪቆርጥ መብረቁ ሥራውን ጨርሷል። ነጎድጓዱ ሲቀርብ ገመዱን ከግድግዳው እንነቅላለን። ጄኔሬተር ላይም ግማሽ ዓይኑ ነው የሚያየው፤ ቮልቴጅ እንጂ ድግግሞሽ (ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ በኸርዝ) አይለካም። የጄኔሬተሩ ሞተር ሲያቃስት ኸርዙ ሲወርድ እሱ ምንም አይልም።

ቅሬታዎቼ። ዋናው፣ ፌዙን ብቻ ነው የሚቆርጠው። የእኛ አገር ክብ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ገልብጦም ይሰካል። ገልብጣችሁ ከሰካችሁት የሚቆርጠው ኒውትራሉን ይሆናል። ዕቃው ይጠፋል፣ ሽቦው ውስጥ ግን ፌዝ አለ። «ቆርጧል» ብሎ እጅ ማስገባት አደጋ ነው። ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ ዓይነት አለ፤ ለካምፐር እሱ ነው የሚገዛው።

ቁጥሩ ከመልቲሜትሬ በ4 ቮልት ይበልጣል። የስልክ ቻርጀር ብቻ ሲሰካ አምፒሩ ዜሮ ነው የሚለው። ሌሊት የስክሪኑ ቀይ መብራት አልጋው ላይ ያበራል፤ ፕላስተር ለጥፈንበታል። የቁልፎቹ አሠራር ያለ ወረቀቱ የሚገባ አይደለም፣ ወረቀቱ ደግሞ በማይነበብ ደቃቅ ፊደል ነው። ብሎኖቹን በተመለከተ፣ የዘጌ ዓይነት ኮረኮንች መንገድ ያላላቸዋል። ገመዱን ነቅዬ፣ ኢንቨርተሩንም አጥፍቼ፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ አጠብቃቸዋለሁ። በክረምቱ እርጥበትም የሽቦዎቹ ጫፍ መዳቡ አረንጓዴ መሆን ጀምሮ ነበር። ጫፉን ቆርጦ እንደ አዲስ ማሰር ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ሁለቱንም መስመር የሚቆርጠውን እንገዛለን። ይህኛው ወደ እናቴ ቤት ይሄዳል፤ የእሷ ስታቢላይዘር ከተቃጠለ ቆይቷል። እዚያ ቀጥታ መብራት ላይ ያለ ትልቅ ፍሪጅ ስላለ ታችኛውን 195፣ መዘግየቱን 300 ሰከንድ አደርገዋለሁ። ኮምፕሬሰር ግፊቱ ሳይወርድ መልሶ ሲነሣ ይታነቃል፣ ሞተሩም ይግላል።