ሳተላይት ክለብ ወይስ ራሱን የቻለ አዲስ ክለብ?

አንድ የሮታሪ ክለብ (ሰዎች ለማኅበረሰብ በጎ አገልግሎት የሚሰባሰቡበት ማኅበር) መስፋት ፈልጎ የስብሰባው ሰዓት ለአዲስ ሰው አልመች ሲል ሁለት መንገድ አለው፤ ሳተላይት ክለብ ማቋቋም ወይም አዲስ ክለብ መመሥረት።

ለሳተላይት 8 ሰው ይበቃል። አባላቱ የሚመዘገቡት በእናት ክለቡ ሥር ነው፤ የራሳቸው ሰብሳቢና የስብሰባ ቀን ግን አላቸው። ምሳ ሰዓት ላይ መውጣት የማይችሉ ነርሶችና መምህራን ማታ መገናኘት የሚችሉት በዚህ ነው።

አዲስ ክለብ 20 መሥራች አባላትና የተሟላ ቦርድ ይፈልጋል። የዓለም አቀፉ ድርጅት (የሮታሪ ኢንተርናሽናል) መዋጮም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆች ጁላይና ጃንዋሪ፣ በስም ዝርዝሩ ልክ ይጠየቃል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ ቁጥር ለመሙላት በይሉኝታ የፈረመ ዘመድ ከሦስት ስብሰባ በኋላ ይጠፋል፤ ስሙ በጊዜ ካልተሰረዘ ግን ሒሳቡ መምጣቱን አያቆምም፣ የቀሩት ይሸፍኑለታል።

ሳተላይትም እንከን አያጣም። ለቦኖ ውሃ ጥገና የተሰበሰበ ብር ከእናት ክለቡ ገንዘብ ጋር ከተቀላቀለ ጭቅጭቅ ያመጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን የተለየ መዝገብና የሁለት ሰው ፊርማ ይኑር።

20 ሰው ካላችሁና አብዛኞቹ አንድ ሥራ አብረው ከጨረሱ፣ ለምሳሌ ችግኝ ተክለው በበጋው ካጠጡ (መትከሉንማ ሁሉም ይመጣል!)፣ አዲስ ክለብ ክፈቱ። ካልሆነ በሳተላይት ጀምሩ፤ አባላቱ 20 ሲደርሱ ራሱን ችሎ መውጣት ይችላል።