ርካሽ የቤት ኢንሹራንስ ሲቀርብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን እዩ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ "ኢንሹራንሳችሁን በግማሽ እንቀንስላችሁ" የሚል ስልክ ከተደወለላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። አንድ ወዳጄ እሺ ብሎ ቀየረ። ዋጋው በእርግጥ ወረደ። ንፋስ ጣሪያውን ሲገነጥለው ግን ከኩባንያው ያገኘው ክፍያ ዜሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮው ውል ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ ከኪሱ የሚችለው፣ 1,000 ዶላር ነበር። አዲሱ ለንፋስና ለበረዶ ጉዳት 2 በመቶ ይላል። 2 በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል። የሚሰላው ግን ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ኢንሹራንስ ከተገባለት ሙሉ መጠን ነው። ቤቱ የተገባለት 400,000 ዶላር ከሆነ የመጀመሪያው 8,000 ዶላር የባለቤቱ ዕዳ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ጣሪያው ወደ "አክቹዋል ካሽ ቫልዩ" ተቀይሯል፤ የእርጅናው ተቀንሶ ነው የሚከፈለው። 20 ዓመት ያገለግላል የሚባል ጣሪያ 15 ዓመት ከሞላው፣ ማሠሪያው 16,000 ዶላር ቢሆንም የሚታሰበው 4,000 ገደማ ነው። ከዲዳክቲብሉ በታች ስለሆነ ምንም አይደርሳችሁም። ይህን ማንም በስልክ አልነገረውም፤ እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።

ውሃም ሌላ ጉድ አለው። የጎርፍ ጉዳት በተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ውስጥ የለም። በፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ለብቻው ይገዛል፤ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ዝናብ ሲተነበይ መሯሯጥ አያዋጣም። እሱም ቢሆን ቤዝመንት ውስጥ የሚሸፍነው ጥቂት ነገር ነው። የፍሳሽ መመለስና የሳምፕ ፓምፕ (ከቤዝመንት ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ) ብልሽት ደግሞ ተጨማሪ የሚከፈልበት ሽፋን ነው። ዋጋ ለማውረድ ሲባል ሊነሳ ይችላል።

ቤዝመንት የምታከራዩ ለኩባንያው አሳውቁ። የተከራዩ ዕቃ በእናንተ ውል አይሸፈንም፤ የራሱን ይግዛ። በክረምት አገር ቤት ለወራት የምትሄዱ ማሞቂያውን አታጥፉ፣ ወይም ውሃውን ዘግታችሁ ቧንቧውን አድርቁ። ሳታደርጉ ቧንቧ በርዶ ቢፈነዳ ላይከፍሏችሁ ይችላሉ።

ኤጀንቱ የአገራችን ልጅ ስለሆነ፣ በአማርኛ ጥሩ አድርጎ ስላስረዳ ብቻ አትፈርሙ። የሚያስከፍለው የተጻፈው ነው። የድሮውንና የአዲሱን ውል ዲክላሬሽን ፔጅ (የሽፋኑን ማጠቃለያ ገጽ) ጎን ለጎን አስቀምጡና ዲዳክቲብሉን፣ ጣሪያውን፣ የውሃውን መስመር በመስመር እዩ። "ከድሮው ምን ቀረ?" ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ። ያ ሳይደርሳችሁ የድሮውን አታቋርጡ።

የተነገራችሁና የተጻፈው ካልተገናኘ በሜሪላንድ ለኢንሹራንስ አስተዳደሩ፣ በቨርጂኒያ ለኢንሹራንስ ቢሮው አቤት ማለት ይቻላል። በነፃ ነው።